ቅኝ ገዢ ሲወጣ ለተገዢዎቹ ምን ይተው? አምስት መንገዶች በንጽጽር

በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ የማካው ዳቦ ጋጋሪ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ለንደን ቢወርድ የሚያስቆመው አልነበረም። ክፍል ተከራይቶ፣ ሥራ ፈልጎ፣ እስከፈለገው ድረስ መኖር ይችላል። ኪሱ ውስጥ ያለው የፖርቱጋል ፓስፖርት ነው፤ ፖርቱጋል ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት አባል ናት። በፈጣን ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ከምትርቀው ከሆንግ ኮንግ የመጣ ፖሊስ ግን ሌላ ነገር ነው የሚገጥመው። ዕድሜውን ለእንግሊዝ ዘውድ ሲያገለግል ኖሯል። የንግሥቲቱ አርማ ያለበት ፓስፖርትም ይዟል። ሆኖም ኤርፖርት ላይ «ስንት ቀን ልትቆይ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል።

ሁለቱም የቅኝ ግዛት ሰዎች ናቸው፤ ማካው የፖርቱጋል፣ ሆንግ ኮንግ የብሪታንያ። ከተሞቻቸውም በሁለት ዓመት ተኩል ልዩነት ለአንድ አገር፣ ለቻይና፣ ተላልፈዋል፤ ሆንግ ኮንግ በጁላይ 1 ቀን 1997፣ ማካው በዲሴምበር 20 ቀን 1999። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ልዩነቱን ያመጣው ገዢዎቻቸው ከመውጣታቸው በፊት የወሰኑት ነገር ነው።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ብሪታንያ በ2025 ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያሉትን የቻጎስ ደሴቶች ሉዓላዊነት ለሞሪሺየስ ለማስረከብ ስምምነት ፈርማለች። ከደሴቶቹ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተባረሩት ሰዎችና ልጆቻቸው ደግሞ «እኛስ?» እያሉ ነው። ስለዚህ እስካሁን የተሞከሩትን መንገዶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይጠቅማል።

መጀመሪያ መስፈርቱ

ገዢ ሲወጣ ብዙ ዕዳ አለበት። ፍርድ ቤት፣ ምርጫ፣ ካዝና፣ ጡረታ ሁሉ የሱ ጣጣ ነው። እኔ ግን እዚህ የምመዝነው ዜግነትን ብቻ ነው፤ ምክንያት አለኝ። የሆንግ ኮንግ የመጨረሻው ገዢ ክሪስ ፓተን በመጨረሻዎቹ ዓመታት የምክር ቤቱን ምርጫ ሰፋ ለማድረግ ታግሏል። በ1995 የተመረጠው ምክር ቤት በርክክቡ ሌሊት ቀረ፤ ቻይና ያዘጋጀችው ጊዜያዊ ምክር ቤት ተተካ። የሚወጣው ገዢ የሚያቆመውን ተቋም የሚተካው በአንድ ሌሊት ሊያፈርሰው ይችላል። በሰው ኪስ ያለን ዜግነት ግን እንዲህ በቀላሉ አያፈርሰውም።

አምስት ጥያቄ ይበቃናል። ሰነዱ ገዢው አገር ገብቶ ለመኖር ያስችላል ወይስ ለጉብኝት ብቻ ነው? የተሰጠው ከርክክቡ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ለልጅ ይተላለፋል? ቀነ ገደብ አለው? ማንስ ውጭ ቀረ?

ከሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያው ነው። አራተኛውን ግን ሰው ቸል ይለዋል፤ ወደ ሱሪናም ስንደርስ ለምን ቸል እንደማይባል ታያላችሁ።

መንገድ 1፦ ሙሉ ዜግነት (ማካው)

ፖርቱጋል ብዙ አላወራችም። በ1981 የዜግነት ሕጓን ስትቀይር፣ ከኖቬምበር 20 ቀን 1981 በፊት ማካው የተወለደ ሰው ፖርቱጋላዊ ሆኖ ቀረ። ቻይናዊም ይሁን ክልስ ለውጥ የለውም። ዜግነቱ ለልጅ ይተላለፋል። ቀነ ገደብ የለውም። ከ430,000 ገደማ ነዋሪ ውስጥ ከ100,000 በላይ የሚሆነው የፖርቱጋል ፓስፖርት ነበረው። ፖርቱጋል በ1986 የአውሮፓ ማኅበረሰብን ስትቀላቀል ደግሞ ያ ፓስፖርት የመላው ምዕራብ አውሮፓ መግቢያ ሆነ።

ታዲያ ሰው ሁሉ ሻንጣውን ጠቅልሎ ሊዝበን ገባ? አልገባም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የወሮበላ ቡድኖች መንገድ ላይ እስኪታኮሱ ድረስ ከተማዋ ብትታመስም፣ አብዛኛው ፓስፖርቱን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ኑሮውን ቀጠለ። መውጣት የሚችል ሰው ለመውጣት አይጣደፍም።

እንከን የለሽ ግን አይደለም። ከዋናው ቻይና ተሰደው የመጡት የማካው ነዋሪዎች ውጭ ቀርተዋል። ከ1981 በኋላ ከፖርቱጋላዊ ወላጅ ያልተወለደ ልጅም እንደዚሁ። ፖርቱጋልን ቅድስት ለማድረግም አትቸኩሉ። ይቺው አገር በጁን 1975 ባወጣችው ሕግ የአንጎላ፣ የሞዛምቢክና የሌሎች የአፍሪካ ግዛቶቿን አብዛኛውን ጥቁር ሕዝብ ዜግነት በአንድ ቀን ነጥቃለች። ለማካው ቸር የሆነችው ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ጭምር ይመስለኛል።

መንገድ 2፦ ስም ያለው፣ መኖሪያ የሌለው ዜግነት (ሆንግ ኮንግ)

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆማለሁ። ብዙ ሰው የሚደናገረው በዚህ ነው።

ብሪታንያ መጀመሪያ ላይ ተገዢዎቿን ሁሉ በአንድ ስም ትጠራ ነበር፤ በሕጉም ወደ እንግሊዝ መግባት ይችሉ ነበር። ከ1962 ጀምሮ መግቢያውን ማጥበብ ጀመረች። በ1968 ደግሞ ከኬንያ የሚሸሹ የእስያ ዝርያ ያላቸው የብሪታንያ ፓስፖርት ባለቤቶች እንዳይገቡ ፓርላማው ሕግ በሦስት ቀን አጽድቆ ጨረሰ። እነዚህ ሰዎች ኬንያ በ1963 ነፃ ስትወጣ «የብሪታንያ ዜግነታችሁን መያዝ ትችላላችሁ» የተባሉ ነበሩ። አምነው ያዙት። በአምስተኛው ዓመት ፓስፖርቱ የሚያስገባ መሆኑ ቀረ። የሆንግ ኮንግን ነገር መረዳት የሚፈልግ ከዚህ ይጀምር።

ከዚያ የ1981 የዜግነት ሕግ መጣ። በ1983 ሥራ ላይ ሲውል የሆንግ ኮንግ ሰው «የጥገኛ ግዛት ዜጋ» ተባለ። እንግሊዝ ውስጥ የመኖር መብት የለውም። ጂብራልታር ግን በዚያው ሕግ ተመዝግቦ ሙሉ ዜጋ የመሆን ልዩ መንገድ አገኘች። ፎክላንድም ከጦርነቱ በኋላ በ1983 ሙሉ ዜግነት ተሰጣት፤ ያኔ ነዋሪዎቿ 2,000 አይሞሉም። ሆንግ ኮንግ ላይ ግን ዜግነቱን የያዙት ከሦስት ሚሊዮን በላይ ናቸው። ነገሩ የቁጥር ነው። የቆዳ ቀለምም አለበት የሚሉ አሉ፤ እኔም ከነሱ ጋር ነኝ።

በዲሴምበር 1984 የብሪታንያና የቻይና የጋራ መግለጫ ተፈረመ። ሕዝቡ ድምፅ አልሰጠበትም። ከ1987 ጀምሮ አዲስ ማዕረግ ተፈጠረ፤ ባጭሩ ቢ.ኤን.ኦ. ይባላል፣ የባሕር ማዶ የብሪታንያ ዜጋ እንደ ማለት። ከ1997 በፊት መመዝገብ ግዴታ ነው። ለልጅ አይተላለፍም። ፓስፖርቱን ከፍታችሁ ብታነቡት፣ ባለቤቱ ብሪታንያን «ለመጎብኘት» ቪዛ እንደማያስፈልገው የሚገልጽ ማስታወሻ ታገኛላችሁ። የብሪታንያ ፓስፖርት ነው፤ የያዘውን ሰው ግን ብሪታንያ የምታየው እንደ እንግዳ ነው።

በጁን 1989 ቤጂንግ ውስጥ ታንክ ሰው ላይ ሲወጣ ሆንግ ኮንግ ደነገጠች። አደባባይ የወጣው ሰው አንድ ሚሊዮን ይገመታል። «የመኖር መብት ስጡን» የሚለው ጩኸት ለንደን ደረሰ። ጠያቂዎቹ ያቀረቡት መከራከሪያ ብልህ ነበር፦ መብቱን የምንፈልገው ልንመጣባችሁ አይደለም፣ ተረጋግተን እዚሁ እንድንኖር ነው አሉ። ማካውን ያየ ሰው እውነታቸውን እንደነበር ይገባዋል። ለንደን ግን አልሰማችም።

ውጤቱ የተገላቢጦሽ ሆነ። በ1990 ብቻ ከ60,000 በላይ ሰው ወጣ። አብዛኛው የሄደው ወደ ካናዳ፣ አውስትራሊያና አሜሪካ ነው። ባል ሚስቱንና ልጆቹን ቫንኩቨር አስቀምጦ፣ የካናዳ ወረቀት እስኪወጣ እሱ ሥራውን ላለማጣት ሆንግ ኮንግ ይመላለሳል። ሰዎቹ «ጠፈርተኛ» ይሏቸው ነበር፤ ኑሯቸው አውሮፕላን ላይ ነዋ።

በ2020 ቻይና የብሔራዊ ደኅንነት ሕጉን ሆንግ ኮንግ ላይ ስታወጣ ነገሩ ተቀየረ። ብሪታንያ ከጃንዋሪ 31 ቀን 2021 ጀምሮ ለቢ.ኤን.ኦ. ባለቤቶች ቪዛ ከፈተች፦ አምስት ዓመት ኖሮ ቋሚ መኖሪያ፣ ከዚያ አንድ ዓመት ጨምሮ ዜግነት። ከ150,000 በላይ ሰው ገብቷል። ጥሩ ነው። ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። በ1989 ሠላሳ አምስት ዓመት የነበረው ሰው ቪዛው ሲከፈት ስልሳ ስድስት ገደማ ሆኖት ነበር። ቻይናም በዚያው ቀን ፓስፖርቱን ለጉዞ ሰነድነት እንኳ አልቀበልም አለች። በዚያ ላይ መጀመሪያ ላይ የአምስት ዓመቱ ቪዛ 250 ፓውንድ ነበር፤ የጤና ክፍያው ለብቻው ነው፣ ለቤተሰብ ሲደመር ደግሞ ከቪዛው እጅግ ይበልጣል።

አንዲት ነገር ልጨምርና ልለፍ። ብሪታንያ ለቀሩት የባሕር ማዶ ግዛቶቿ ሕዝብ በጅምላ ሙሉ ዜግነት የሰጠችው በ2002 ነው። ሆንግ ኮንግ ከወጣች በአምስት ዓመቷ።

መንገድ 3፦ የተመረጡ ብቻ (50,000 ቤተሰብ)

ከ1989ኙ ጩኸት በኋላ ለንደን መሃል መንገድ ፈለገች። በ1990 የወጣው ሕግ 50,000 የቤተሰብ አስተዳዳሪዎች ከነትዳር ጓደኞቻቸውና ከነልጆቻቸው ሙሉ ዜግነት እንዲያገኙ ፈቀደ። ገዢው ፓርቲ ውስጥ እንኳ «በዛ» ብለው ያመፁ ነበሩ።

አመልካች በነጥብ ይመዘናል። ዕድሜ፣ የሥራ ልምድ፣ ትምህርት፣ እንግሊዝኛ፣ ከብሪታንያ ጋር ያለ ትስስር ሁሉ ነጥብ አለው። ለፖሊስና ለመሰሎቹ አንድ ኮታ፣ ምስጢራዊ ሥራ ላይ ለነበሩ ሌላ፣ ለባለሀብት ሌላ፣ የቀረው ለባለሙያ። የአሳንሰር ጥገና ሠራተኛው፣ የገበያ ዓሣ ሻጯ፣ ጡረተኛው ቦታ የላቸውም።

አንድ ብልህ ነገር ግን ነበረው፤ ዜግነቱን ለማግኘት ሆንግ ኮንግን መልቀቅ አያስፈልግም። ሐኪሙ ፓስፖርቱን ተቀብሎ ማግስቱን ሆስፒታሉ ይገባል። የዕቅዱ ዓላማም ይኸው ነበር። ከተማዋን ለማቆየት ጥሩ ነው፤ ግዴታን ለመወጣት ግን አይበቃም። ገዢ ለተገዢው ያለበትን ዕዳ በእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ልክ መክፈል ምን ይሉታል?

መንገድ 4፦ ቀነ ገደብ ያለው ምርጫ (ሱሪናም)

ደች (የኔዘርላንድ) ገዢዎች ደቡብ አሜሪካ ያለችውን ሱሪናምን በኖቬምበር 25 ቀን 1975 ለቀቁ። 3.5 ቢሊዮን ጊልደር ዕርዳታም ቃል ገቡ። በዜግነት በኩል ስምምነቱ ግልጽ ነበር፦ በዚያ ቀን ሱሪናም የሚኖር ሱሪናማዊ ይሆናል፣ ኔዘርላንድ የሚኖር ደች ሆኖ ይቀጥላል። ከነፃነት በኋላም እስከ ኖቬምበር 1980 ድረስ ገብቶ የመኖር ዕድል ተሰጠ።

ለጋስ ነው። ግን ቀን ተቆርጦለታል። ሕዝቧ ከ400,000 በታች ከሆነ አገር በ1975 ብቻ ወደ 40,000 ገደማ ሰው ወጣ። ከአምስተርዳም ደቡብ ምሥራቅ ያለው የቤይልመር አዲስ ፎቅ ሰፈር ባዶ አፓርታማዎች በሱሪናሞች ተሞሉ። በ1980 የአገሪቱ ሲሶ ገደማ ኔዘርላንድ ነበር። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ሲመጣ ያልወሰኑትም ወሰኑ።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ሰው የሄደው በቀነ ገደቡ ብቻ አይደለም። የሕንድ ዝርያ ያላቸው ሱሪናሞች በክሪዮሎች (የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሱሪናሞች) መንግሥት ሥር መተዳደርን ፈርተው ነበር። ቢሆንም ማካውንና ሱሪናምን ጎን ለጎን ሳይ አንድ ነገር ይታየኛል። «መቼም መምጣት ትችላለህ» የተባለ ሰው ይቆያል። «እስከ እንትን ቀን ብቻ» የተባለ፣ መሄድ ባይፈልግም ይሄዳል፤ ነገ ይቆጨኛል ብሎ።

ከእኛ አካባቢም አንድ ምሳሌ አለ። ኤርትራ በ1952 ከብሪታንያ አስተዳደር ወጥታ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትቀላቀል፣ የተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ 390 ዜግነትን በዝርዝር አስቀምጦ ነበር። የውጭ ዜግነት ከሌለው በቀር ነዋሪው ሁሉ የፌዴሬሽኑ ዜጋ ይሆናል። ከወላጆቹ ወይም ከአያቶቹ አንዱ የአገሩ ተወላጅ የሆነ፣ ግን የውጭ ዜግነት የያዘ፣ ለምሳሌ ጣሊያናዊ አባት ያለው ልጅ፣ ሕገ መንግሥቱ ሥራ ላይ በዋለ በስድስት ወር ውስጥ ይምረጥ ተባለ። እዚህም ቀነ ገደብ፤ ለዚያውም አጭር።

መንገድ 5፦ ትጥቅ አስፈትቶ መሄድ (አልጄሪያ)

በማርች 1962 የአልጄሪያን የነፃነት ጦርነት ያስቆመው የኤቪያን ስምምነት ሲፈረም ከፈረንሳይ ጦር ጎን የተዋጉ አልጄሪያውያን ነበሩ፤ ሃርኪ ይባላሉ። የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሰፋሪዎች ዜግነታቸው ሳይነካ በመርከብ ተሻገሩ። ሃርኪዎቹ ግን ትጥቃቸውን እንዲፈቱ ተደርጎ ባሉበት ተተዉ። የፈረንሳይ መኮንኖች በራሳቸው ተነሳሽነት ወታደሮቻቸውን እንዳያሸሹ በሜይ 1962 ከሚኒስትሩ ከሉዊ ዦክስ ትእዛዝ ወጣ። ነፃነቱ ከታወጀ በኋላ ደግሞ በጁላይ 21 የወጣው ድንጋጌ፣ ዜግነታቸውን ማስቀጠል የሚፈልጉ ሙስሊም አልጄሪያውያን ፈረንሳይ ድረስ መጥተው ያመልክቱ አለ። እንዳይመጡ ተከልክለው፣ ካልመጣችሁ አይሆንም ተባሉ።

በሺዎች የሚቆጠሩ ተገደሉ። የተሻገሩትም እንደ ሪቭሳልት ባሉ ካምፖች ድንኳን ውስጥ ከረሙ፤ በዚያ አንድ ካምፕ ብቻ ወደ 20,000 ሰው አልፏል። ፕሬዚዳንት ማክሮን በሴፕቴምበር 2021 ይቅርታ ጠየቁ፤ ካሳ የሚፈቅደው ሕግ በ2022 ወጣ። ስልሳ ዓመት ፈጀ። ይህን «መንገድ» ብዬ የጻፍኩት ሰው ስለመረጠው ነው እንጂ የሚመረጥ ሆኖ አይደለም።

ባጭሩ በሠንጠረዥ

| መንገድ | ገብቶ መኖር | መቼ ተሰጠ | ለልጅ | ቀነ ገደብ | ውጭ የቀረ |
|---|---|---|---|---|---|
| ሙሉ ዜግነት (ማካው) | አዎ | ከርክክቡ በፊት | ይተላለፋል | የለም | ከዋናው ቻይና የመጡ፣ ከ1981 በኋላ የተወለዱ ብዙዎች |
| ስም ብቻ (ቢ.ኤን.ኦ.) | እስከ 2021 የለም | ከርክክቡ በፊት | አይተላለፍም | ለምዝገባ አለው | ያልተመዘገበ ሁሉ |
| የተመረጡ (50,000 ቤተሰብ) | አዎ | ከርክክቡ በፊት | በወቅቱ ያሉ ልጆች ተካተዋል | አለው | ነጥብ ያልሞላለት |
| ምርጫ በቀን (ሱሪናም) | አዎ | በፊትና እስከ 5 ዓመት በኋላ | በቀኑ ኔዘርላንድ ለነበረ | 1980 | የዘገየ |
| ትቶ መሄድ (ሃርኪ) | ፈረንሳይ ለደረሰ ብቻ | በኋላ | ከተሳካለት | 1967 | አብዛኛው |

ለማን የትኛው?

ለገዢው፣ ተገዢው ጥቂት ከሆነ፦ የማካው መንገድ። መከራከርም አያስፈልግም። ለፎክላንድ የተቻለው ለቻጎስ ሰዎችም ይቻላል፤ ብሪታንያ ለትውልዳቸው የዜግነት ማመልከቻ የከፈተችው በ2022 ነው፣ ዘግይታም ቢሆን።

ለገዢው፣ ተገዢው በሚሊዮን ከሆነ፦ አሁንም የማካው መንገድ፣ ያለ ቀነ ገደብ። «ሁሉም ይመጣብናል» የሚለው ፍርሃት ገደብ በሌለበት ያን ያህል አይደርስም። በጀት ከጠበበ ጥቅማጥቅሙን ደረጃ በደረጃ አድርጉት፤ የመግባት መብቱን ግን አትሸራርፉ።

ለተገዢው፣ ገንዘብና ሙያ ካለው፦ ገዢው እስኪያስብለት አይጠብቅ። የሆንግ ኮንግ ባለሙያዎች ቫንኩቨርና ሲድኒ ገብተው በ1997 ሁለተኛ ፓስፖርት ይዘው ተመልሰዋል። ውድ ነው፤ ቤተሰብም ይበትናል።

ለተገዢው፣ ገንዘብ ከሌለው፦ ደካማም ቢሆን የሚሰጠውን ወረቀት ሁሉ ይመዝገብ። በ1990ዎቹ ብዙ ሰው ቢ.ኤን.ኦ.ን «ምን ይሠራልኛል» ብሎ ንቆታል። በ2021 ቪዛው ሲከፈት የሠራው ያኔ ለተመዘገቡት ነው፤ ምዝገባው ከ1997 በኋላ አልተከፈተም። ከርክክቡ በኋላ የተወለዱና አዋቂ የሆኑ ልጆች እንኳ ለብቻቸው ማመልከት የቻሉት ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ፣ በተመዘገበ ወላጅ በኩል ነው።

ለወታደር፣ ለፖሊስ፣ ለአስተርጓሚ፦ ቃል አይበቃም። ስምምነቱ ከመፈረሙ በፊት ስሙ ያለበት ወረቀት በእጁ ይግባ፣ ከነሚስቱና ከነልጆቹ። በዲሴምበር 1941 ሆንግ ኮንግን ከጃፓን የተከላከሉ ወታደሮች ሚስቶችና መበለቶች ዜግነት የሚያገኙበት ሕግ የወጣው በ1996 ነው። አሮጊቶች ሆነው።

አዲሱ ገዢ እንደ ዜጋ ለማይቆጥረው አናሳ ወገን፦ ከሁሉም አስቸኳዩ ይህ ነው። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከትውልድ ትውልድ የኖሩ የሕንድ፣ የፓኪስታንና የኔፓል ዝርያ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። የቻይና ዜግነት የሚመነጨው በዋናነት ከቻይናዊ ዝርያ ስለሆነ፣ በርክክቡ ማግስት በእጃቸው የሚቀረው የማያስገባ የብሪታንያ ወረቀት ብቻ ነበር። ለዓመታት ወተወቱ። ሌላ ዜግነት ለሌላቸው ሙሉ ዜግነት የሚፈቅደው ሕግ በመጨረሻ በማርች 1997 ጸደቀ፤ ባንዲራው ሊወርድ ሦስት ወር ያህል ሲቀረው። እንዲህ ያለ ወገን ጉዳዩን በድርድሩ የመጀመሪያ ቀን በስሙ ያስጽፍ። በሆንግ ኮንግ የመጀመሪያው ቀን የነበረው በ1982 ነው።